የእማማ አስካለ ግፊት አልወርድ ያለ ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያዬን ታካሚ የደም ግፊት የለካሁት በሹራብ ላይ ነው። ሴትዮዋ የአገሬ ሰው ነበሩ። እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ ብላቸው በርዶኛል አሉ፤ እኔም ትልቅ ሰው ማስቸገር ነውር መስሎኝ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ፣ በሥራ ቋንቋችን ካፉን፣ ከነሹራባቸው ጠመጠምኩት። ለካ የነርሶቹ አለቃ ካረን ከኋላዬ ቆማለች። ምንም ሳትናገር ካፉን ፈታች፣ ሴትዮዋን በትሕትና ሹራባቸውን አስወለቀችና እንደገና ለካች። ቁጥሩ ሌላ ሆነ።

ኮሪደር ላይ ወስዳ የነገረችኝን እስከ ጡረታዬ አልረሳሁትም። ሐኪሟ መድኃኒት የምታዘው አንቺ በምትሰጫት ቁጥር ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ከምትሰጫት ባትለኪ ይሻላል አለችኝ። ፊቴ ቀላ። ከዚያ በኋላ ግን በሹራብ ላይ አይደለም፣ በስስ ሸሚዝ ላይ እንኳ ለክቼ አላውቅም።

ጊዜው በፈረንጆች የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ክሊኒኩ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ መንገድ ብዙም ሳይርቅ ነበር። እኔ ከዚያ በፊት አየር ማረፊያው ፓርኪንግ መውጫ ላይ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ትኬት ስቀበል ነው የኖርኩት። ማታ ማታ ተምሬ ሜዲካል አሲስታንት ሆንኩ። በክሊኒክ መሰላል ላይ ሐኪም ከላይ፣ ነርስ ከመካከል፣ እኛ ከታች ነን። ታካሚ ጠርቶ ማስገባት፣ መመዘን፣ ሙቀትና ግፊት መለካት፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው። ጉራ አይሁንብኝና፣ ታች ብንሆንም ታካሚው ቀድሞ የሚያየው እኛን ነው፤ ለሐኪም የማይናገረውንም ለእኛ ይናገራል።

ግፊት መለካት ቀላል ይመስላል። ሰውዬው ሽንት ቤት ደርሶ ይመጣል፣ ጀርባውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ እግሩን ሳያነባብር መሬት ያስረግጣል፣ ክንዱን በልቡ ትክክል ያሳርፋል፣ ጥቂት ደቂቃ ጸጥ ይላል። ሲለካ ደግሞ አያወራም። ለአገሬ ሰው ከሁሉ የከበደው ይህ የመጨረሻው ነው። ካፉ ሲነፋ እሳቸው ልጆች ደህና ናቸው ወይ ይላሉ። ካፉ ሲተነፍስ እናትሽስ ይላሉ። ቁጥሩም ከሰላምታው ጋር ሽቅብ ይወጣል።

እኔ መላ አበጀሁ። ሰላምታውን ሚዛኑ ጋ ቆመን እስከ መጨረሻው ዘመድ ድረስ እንጨርሰዋለን፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን ትንፍሽ የለም። ካረን ሰላምታው ለምን እንደሚረዝም ብትጠይቀኝ፣ እዚህ ካልጨረስኩት ካፉ ውስጥ ገብቶ ይቀጥላል አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወዲህ የአገሬ ሰው ሲመጣ ሰዓቷን አታይብኝም ነበር።

እማማ አስካለን ያወቅኳቸው በዚህ ወንበር ላይ ነው። አዲስ አበባ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆነው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ጥርት ያለ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ሰው ሲያንዛዛ መስመሩን የመቁረጥ ልማድ ያላቸው። ሎውሪ የሚባል ሰፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ ለብቻቸው ይኖራሉ። ልጃቸው ዳዊት ሴንቴኒያል ነው የሚኖረው፤ ታክሲ ይነዳል።

ከእሳቸው የማይለዩት ጎረቤታቸው እማማ ዘይነባ ነበሩ። እማማ ዘይነባ ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ሕፃኑ ሲያድግ ሌላ ተወልዶ፣ በዚያው የቀሩ ናቸው። ኢንሹራንስ የላቸውም። ክሊኒክ የሚመጡት እማማ አስካለን ሊያጅቡ ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንዷ ስትጾም ሌላዋ ፊቷ ላይ አትበላም። ዐቢይ ጾም ሲሆን እማማ ዘይነባ ምሳቸውን ደብቀው ይበላሉ፤ ረመዳን ሲሆን እማማ አስካለ ውሃ እንኳ ኩሽና ገብተው ነው የሚጠጡት።

በዚያ ሰሞን በእናቶቻችን መካከል አንድ ወሬ ተነዛ። ግፊት የነበረባት አንዲት ሴት የጡት ካንሰር ያዛትና፣ ግፊቱ ወደ ጡቷ ወረደ ተባለ። እማማ አስካለ ወሬ አይወዱም። ቀጥ ብለው ሐኪማችንን ዶክተር ሞራሌስን ጠየቋት፤ እኔ አስተረጎምኩ። ዶክተር ሞራሌስ እንዲህ ስትል መለሰች። ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ግፊት ለጡት ካንሰር ያጋልጥ እንደሆነ የሚጠረጥሩ ሐኪሞች አሉ፣ የለም የሚሉም አሉ፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ አላውቅም። የማውቀው ዕድሜም ክብደትም ለሁለቱም በር እንደሚከፍቱ ነው። ደግሞ ግፊት ያለባት ሴት በየጊዜው እዚህ ትመጣለች፤ ጡቷን ሳትመረመር ከመለስናት ጥፋቱ የእኛ ነው አለች።

ስንወጣ እማማ አስካለ ክንዴን ይዘው፣ «አላውቅም የሚል ሐኪም ዛሬ ገና አየሁ። ይቺን አምናታለሁ» አሉኝ።

እኔም ቃሉን ያዝኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፉን ፈትቼ ቁጥሩን ከነገርኳቸው በኋላ ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ የተነሱት መቼ ነው ብዬ ሳልጠይቅ የማሳልፋት እናት አልነበረችም። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ትቆጣለች። በዚህ ዕድሜዬ ጡቴን ለማን ላሳይ የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። ለማሽን ነው፣ ማሽን ደግሞ ወሬ አያወራም እላቸዋለሁ።

በፀደይ የማሞግራም መኪና እየመጣች ክሊኒኩ ፓርኪንግ ላይ ትቆማለች። ከእናቶቻችን መጀመሪያ የገቡት እማማ አስካለ ናቸው። ሲወጡ እንደ ቂጣ ጠፈጠፉኝ አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

በግራ ጡታቸው ውስጥ ትንሽ ነገር ታየ። በእጅ ተነክታ የማትገኝ፣ ገና ያልጎለመሰች። በመርፌ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ዶክተር ሞራሌስ ለእሳቸውም ለዳዊትም በግልጽ ነገረቻቸው። በጊዜ ተገኝቷል፣ ሳይስፋፋ በቀዶ ሕክምና ቢወጣ ብዙ ተስፋ አለው፤ ግን መቆየት የለበትም አለች። ዳዊት አቀረቀረ። እማማ አስካለ ግን መቼ ነው ታዲያ ብለው ብቻ ጠየቁ።

እኔ የዚያን ዕለት በአንድ ጊዜ ፈርቼም ኮርቼም ነበር። ያቺን ነገር ያገኛት ማሽኑ ቢሆንም እማማን ወደ ማሽኑ የላኳቸው እኔ ነኝ። አሁን የቀረው ቀዶ ሕክምናው ነው። በመንገዱ ላይ የቆመው ደግሞ ያው ግፊት ሆነ።

የእማማ አስካለ ግፊት አልወርድ አለ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ መቶ ሰማንያን ያልፋል። ካረን ራሷ ለካች። ሌላኛው ክንድ ላይ ለካች። በሰፊው ካፍ ለካች። ያው ነው። ኪኒኑን ይውጣሉ ወይ ብለን ስንጠይቃቸው እውጣለሁ ይላሉ፤ እማማ አስካለ ደግሞ የማይዋሹ ሴት ናቸው። ፋርማሲውም ይመሰክርላቸዋል፤ ሪፊላቸው፣ ኪኒኑ ሲያልቅ እንደገና የሚወስዱበት ቀን፣ አልፎ አያውቅም፣ ጠርሙሱ በጊዜው ያልቃል። ዶክተር ሞራሌስ ዶዙን፣ የኪኒኑን መጠን፣ ከፍ አደረገች። አልወረደም። አሁንም ከፍ አደረገች።

የመጀመሪያው የቀዶ ሕክምና ቀን በዚህ ምክንያት ተሰረዘ። ለሁለተኛው ቀን ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ቢኖረውም እማማ አስካለ እኔን ፈለጉ፤ የዕረፍት ቀኔ ነበርና ሄድኩ። ዳዊት እኔን፣ እማማ አስካለንና እማማ ዘይነባን በር ላይ አውርዶ መኪናውን ፓርክ አድርጎ እስኪመጣ ነገሩ አልቆ ነበር። ነርሷ ለካች፤ መቶ ዘጠና ምናምን። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም መጥቶ አየና፣ በዚህ ግፊት ባስተኛዎት እንደሚነሱ እርግጠኛ አይደለሁም አላቸው። እማማ አስካለ የሆስፒታሉን ጋውን እንደለበሱ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳውን ያዩ ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈሩ አየኋቸው።

እኔ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩም አላውቅም። ለእማማ ዘይነባ ልነግራቸው ወደ መጠበቂያው ክፍል ስወጣ እሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይስላሉ።

ያ ሳል አዲስ አልነበረም። ክሊኒክም ሲመጡ ይስሉ ነበር፤ አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚበላ፣ ደረቅ ሳል። የዴንቨር አየር አደረቀኝ ይሉኛል፣ የዴንቨር አየር በእርግጥም ደረቅ ነውና አምናቸዋለሁ። አሁን እኔን ሲያዩ ብድግ ሲሉ ግን ዞረባቸውና ግድግዳውን ያዙ። ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ራሴን መታኝ። ዶክተር ሞራሌስ ገና ሥራ ስጀምር ያስተማረችን ነገር ነው። ለግፊት ከምናዛቸው ኪኒኖች አንዱ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ዶዙ ከበዛ ደግሞ ሰው ሲነሳ ያዞረዋል። እማማ አስካለ የሚወስዱት ያንን ኪኒን ነው። የሚስሉት ግን እማማ ዘይነባ ናቸው።

«እማማ ዘይነባ፣ ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» አልኳቸው።

«ምንም።»

«ይሄ የኪኒን ሳል ነው። የማንን ኪኒን ነው የሚውጡት?»

ዓይናቸው እማማ አስካለ ወዳሉበት በር ሄደ።

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። እማማ አስካለ የሁለታችንንም ፊት ሲያዩ ገባቸው።

«እሷን አትቆጪያት፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ከአገር ያመጣችው አልቆባት ነበር። እሷም እንደኔ ግፊት አለባት። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ እንውጣለን።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ምሳ አይደለም!»

«ምሳ ቢሆንማ ቀላል ነበር። ሰው ፊት ምሳዬን ብቻዬን በልቼ አላውቅም፤ ዕድሜ ብቻዬን ልዋጥ?»

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። አብሮ ውጦ አብሮ መሞትም እንዳለ ያን ቀን አየሁ። እውጣለሁ ማለታቸውም እውነት ነው፤ ይውጣሉ። ጠርሙሱም በጊዜው ያልቃል። ዶክተር ሞራሌስ ዶዙን በጨመረች ቁጥር እማማ አስካለ በአንዱ ቀን ውጠው በሌላው ቀን ግፊታቸው ተመልሶ ይወጣል፤ ማንም ያልመረመራቸው እማማ ዘይነባ ደግሞ የጠነከረውን ኪኒን እየዋጡ ያዞራቸዋል።

እማማ አስካለን አስፈቅጄ እዚያው ሆኜ ለዶክተር ሞራሌስ ደወልኩላት። ሰምታ ስትጨርስ፣ ስንት ወር ሙሉ ለሁለት ሴቶች ሳዝዝ ኖሬያለሁ በይኛ አለችና ሳቀች። አልተቆጣችም። ሁለተኛዋንም ታካሚዬን ነገ አምጪልኝ አለች።

ቀላል አልነበረም። እማማ ዘይነባ ስሜ መዝገብ ከገባ የልጄን የመኖሪያ ወረቀት አበላሽባታለሁ ብለው ይፈሩ ነበር። ካረን ክሊኒካችን ኢንሹራንስ የሌለውንም ሰው እንደ አቅሙ እያስከፈለ እንደሚያክም፣ ወረቀት አምጡ እንደማይል ደጋግማ ነገረቻቸው። አልተዋጠላቸውም። በመጨረሻ እኔ ገባሁበት።

«እርስዎ የራስዎ ኪኒን ከሌለዎት እማማ አስካለ የራሳቸውን አይውጡም። እሳቸው ካልዋጡ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ አይነካቸውም» አልኳቸው።

እማማ ዘይነባ ሻሻቸውን አጠበቁና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እጅጌያቸውን ራሳቸው ሰበሰቡ። ለካሁ። ዶክተር ሞራሌስ ሳል የማያመጣ ሌላ ኪኒን አዘዘችላቸው፤ ሳሉ ቀስ በቀስ ጠፋ። የዴንቨር አየርም ከስም ማጥፋት ዳነ።

እማማ አስካለ ግን ሰው ነገረኝ ብለው የሚያምኑ አይደሉም። የእማማ ዘይነባን ጠርሙስ በዓይናቸው ካላዩ አልውጥም አሉ። ጠርሙሱ መጣ፣ አገላብጠው አዩት፣ በላዩ ላይ ያለውን ስም አስነበቡኝ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እማማ ዘይነባ ከላይኛው ፎቅ ይወርዳሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ኪኒን ፊት ለፊት ተቀምጠው ይውጣሉ። ብቻውን የሚውጥ የለም።

ለሦስተኛው ቀጠሮ ካረን ተራዬን ከሌላ ሠራተኛ ጋር ቀየረችልኝና፣ ቁጥሩን እንዳወቅሽ ደውይልኝ አለችኝ። ሆስፒታል ደረስን። እማማ አስካለ ጀርባቸውን ተደገፉ፣ እግራቸውን አሳረፉ፣ ጸጥ አሉ። ነርሷ በልብስ ላይ እንዳልጠመጠመች ቆሜ አረጋገጥኩ። መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ሁለት። ነርሷ ቁጥሩን እንደ ማንኛውም ቁጥር ነው ያነበበችው። እኔ ግን ሮጬ ኮሪደር ወጥቼ ለካረን ደወልኩ። በስልኩ ውስጥ ክሊኒኩ ሲያጨበጭብ ሰማሁ።

ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ እኔ፣ እማማ ዘይነባና ዳዊት ሦስታችንም አንድ ላይ ቆምን። ነገሩ ተጠርጎ ወጥቷል፣ ብብት ውስጥ ያለው ዕጢም ንጹሕ ነው፣ ካንሰሩ አልደረሰበትም አለን። እማማ ዘይነባ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ዳዊት ተመስገን አለና እማማ ዘይነባን አቅፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ የጨረር ሕክምናው ተከተለ፤ ደክሟቸው ነበር፣ ግን አንድም ቀን አልቀሩም። እማማ ዘይነባ አጠገባቸው ሆነው ይሄዱ ነበር፣ ዳዊት ደግሞ በታክሲው።

በቀጣዩ ፀደይ መኪናዋ ስትመጣ እማማ ዘይነባ ራሳቸው ገቡ። ምንም አልተገኘባቸውም። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ሥራዬን ሊነጥቁኝ ምን ቀራቸው! አንዷ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላዋ መስጊድ፣ ቅዳሴውም ሶላቱም ካበቃ በኋላ በር ላይ ቆመው ግፊትሽን ተለካሽ፣ ጡትሽንስ ማለት ሆነ። ከሞንትቤሎ ድረስ በመኪና ተጭነው የሚመጡ እናቶች ነበሩ። ፓርኪንጉ ላይ ነጠላና ሻሽ ተሰልፎ ሲታይ ካረን በመስኮት እያየች፣ ሰላምታውን አሁኑኑ ጀምሪ፣ አለበለዚያ አንጨርስም ትለኝ ነበር። ከዚያች መኪና ወጥተው እንደ እማማ አስካለ በጊዜ የተደረሰላቸው ሌሎችም አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ እነሱ ያውቁታል።

ጡረታ ልወጣ የመጨረሻ ሳምንቴ ላይ እማማ አስካለ መጡ። አርጅተዋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ሚዛኑ ጋ ሰላምታችንን ጨረስን። በግራ በኩል ቀዶ ሕክምና ስለተደረገላቸው የምለካቸው በቀኝ ክንዳቸው ነው፤ ቀኛቸውን ራሳቸው ዘረጉልኝ። ቁጥሩን ስነግራቸው፣ «የዘይነባስ?» አሉኝ። የታካሚ ነገር ለሌላ አይነገርም አልኳቸው። «ጠዋት አብረን ውጠናል፣ ደህና ነው» ብለው ተነሱ።

ለሥራ ባልደረቦቼና ከኋላዬ ለሚመጡት የምለው አንድ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ታካሚን መድኃኒትዎን ይውጣሉ ወይ ብዬ ብቻ አልጠየቅኩም። ከእርስዎ ሌላ ማን ይውጠዋል ብዬ ነው የምጠይቀው። ካረንም ክሊኒኩ በሙሉ እንዲህ እንዲጠይቅ አዘዘች። ግፊት አልወርድ ሲል ዶዝ ከመጨመራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ የሚካፈለውን ሰው ስም ከነገሯችሁም እሱንም አምጥታችሁ ለኩት።